የግራ ዳኛው የልዩነት ሐሳብ

መብራት ጠፍቶ ቆሟል ማራገቢያው ከላይ፣
ላቤ ጠብ ጠብ ይላል ካልደረቀው ቀለም ላይ።
ሁለቱ ፈርደዋል፣ ሰብሳቢውና ቀኝ፤
የግራው ዳኛ ነኝ፣ ሐሳቤ የለየኝ።
ስለዚህ ልጻፈው፣ ከመዝገቡ ይኑር፣
ብል እንኳ ቢያነበው ከአቧራ ጋር ሲያድር።

ሙሜ ኢብሮ ይባላል፣ የከፊራ ተሸካሚ፣
በሁለት ጆንያ ስኳር የሆነ ታራሚ።
«አሥራ ሁለት ወር» ነው የፍርዱ ቃል ያኔ፣
ያነበብኩት እኔ፣ የፈረምኩት እኔ።
መስከረም አንድ ገባ። ወር ባለቀ ቁጥር
ከአልጋው ሥር ጣሳ ውስጥ ጣለ አንድ ጠጠር።
ነሐሴ ሠላሳ አሥራ ሁለት ሞላ፤
የመፍቻ ደብዳቤ የለም፣ ማኅተምም ሆነ ሌላ።
ጳጉሜ ሦስት ዘነበ፣ ደቻቱ ጎረፈ፤
ሙሜ ዘቡን ገፋ፣ አንድ ጥርስ ረገፈ።
«ወሬን ጨርሻለሁ!» ብሎ ነው የጮኸው፤
«የምን ወሬ?» አለ ዘቡ፣ ወግ ነው የመሰለው።

«ቅጣቱን ሳይፈጽም ወንጀል የፈጸመ
እጥፍ ይቀጣል» ይላል፣ ከፊቴ የታተመ።
አንድ ግሥ ነው ሁለቱም። ወንጀል ይፈጸማል፣
ቅጣት ይፈጸማል፣
ዕድሜም ይፈጸማል።
የቱ ጋ መሥራት ቆሞ ማለቅ ይጀምራል?

«አሥራ ሁለት ወር ማለት ዓመት ነው» አሉ እነሱ፤
«ጳጉሜስ?» ስል፣ «ከነጳጉሜው ነዋ!» ሲሉ መለሱ።
ለሦስታችንም እኮ በጳጉሜ ደመወዝ የለን፤
ከኪሳችን የጎደለን ቀን ለሙሜ ከየት አመጣን?

የጥርሱን ይቀጣ። የዘብ ጌታሰው ጥርስ ጥርስ ነው፤
እሱም ያን ቀን በር የጠበቀው ያለ ደመወዝ ነው።
እጥፉን ግን አልፈርምም።
«ወር» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ በብዕሬ፤
ለምን «ዓመት» አላልኩም? ትዝ አይለኝም ዛሬ።
ሙቀቱ ይሆናል።
ወይ የምሳ ሰዓት ደርሶ።

ጸሐፊዋ ነጂማ ወረቀቱን በስታ አሰረች፣
ወጣች። በኤግዚቢትነት የመጣው ጣሳ
ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።
ገልብጬ ቆጠርኩ።
አሥራ ሁለት ጠጠር፣ አውራ ጣት አውራ ጣት የሚያህል፣
ከሥራቸው ደግሞ
አንዲት ደቃቅ፣ ምስር የምታክል።

መቼ እንደ ገባች ማንም አልጠየቀም።
እኔም አልጻፍኩም።