ባዶም ፊደል ነው

ላይፕዚግ ላይ ኅዳር ነው፤ ሰማዩ አልጠራም፤
ጥርሱን እያፋጨ ታጠፈ ያ ትራም።
እኔ የቃል ተሸካሚ፣ በሰዓት የምከፈል፣
ከሁለት አፍ መሃል ቆሜ የምከፋፈል፣
ወረድኩ ወደ ምድር ቤት፣ ሲቲ ስካን ደጃፍ፤
ጋሽ ዘርጋው ተቀምጧል ከወንበሩ ጫፍ።

በግንቡ ዘመን ነው ሕትመት ሊማር የመጣ፤
ፊደል ሲለቅም አርጅቶ እዚሁ ጡረታ የወጣ።
ያ የእርሳስ ፊደል፣ ያ የማተሚያ ዓለም፣
ከጥፍሩ ሥር ዛሬም የቀረለት ቀለም።
"ዕድሜዬን ሙሉ ስታገለው እጄ ላይ ደረቀ፤
አሁን ደግሞ በደም ሥሬ ሊገባ?" ብሎኝ ሳቀ።

ፍራው ኒችኬ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ
ጠየቀች በርጋታ፦
"አስም?"
         "የለም።"
"አለርጂ?"
         "የለም።"
"የታይሮይድ ችግር?"
         "ኧረ እሱም የለም።"
"በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒትስ አለ?"
"ተመስገን፣ ምንም የለኝ!" እጁን አንስቶ ማለ፤
ሲምል ግን ከኮቱ ኪስ አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ አለ።

አውቀዋለሁ ያንን ድምፅ፣ ከእናቴ ቦርሳ፤
ሰባት ክፍል ያላት ሳጥን፣ አብራት የምትተኛ፣ አብራት የምትነሳ፤
ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ሞላላ ነጭ ክኒን፤
ሜትፎርሚን።

"ከአፍ የወጣውን ብቻ ተርጉሚ" ይላል ደንቤ።
ኪስ አይተረጎምም። ምን ይሁን ታዲያ ልቤ?
"ናይን" ልል ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር።
ያቺ "ናይን" ቀላል ናት፤ አንድ ትንፋሽ፣ አንድ በር።
በዚያ በር ያ ፈሳሽ ገብቶ ኩላሊቱን ቢያደክመው፣
ክኒኑስ በየት ይውጣ? ደም እንደ እርሾ ሲኮመጥጥ ማን ይቅደመው?

"ይቅርታ" አልኳት ፍራው ኒችኬን፣ "ይህ ጥያቄ የእኔ ነው።"
ዞርኩ፦ "ጋሼ፣ ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"
ጫማውን አየ። ኮሪደሩን አየ።
"ይሄ? ይሄማ የስኳር ነው።
መድኃኒት የታመመ ይውሰድ! ስኳር እኮ በሽታ አይደለም፤
አሥራ ስምንት ዓመት አብሮኝ የኖረ ጎረቤት ነው፤
ጎረቤቱን ለማያውቀው ሰው የሚያሳማ የለም።"

ሳጥኗ ተከፈተች። ኒችኬ አልተቆጣች፤
የደም ውጤቱን አይታ፣ ሐኪሙን አማክራ መጣች።
"ኩላሊቱ ደከም ብሏል፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤
ምርመራው አይቀርም፤ ክኒኑ ነው የሚቆመው።
ከአሁን ጀምሮ አርባ ስምንት ሰዓት፤ ከዚያ ደም ይታያል፤
ኩላሊቱ እንደነበረ ከሆነ፣ ያኔ ይቀጥላል።
ሐኪም ሳይነግርህ፣ በገዛ እጅህ እንዳትጀምር።"
ይህን ሁለቴ አስተረጎመችኝ፤ ሁለቴም አልኩት፣ ቃል ሳልጨምር።
"ኩላሊት የሚመረምር እግዜር ብቻ ነበር ድሮ፤
ፍራው ኒችኬም ገባችበት" አለ ጋሽ ዘርጋው፣ "ዘንድሮ።"

ከዚያ መነጽሩን አድርጎ፣ እንደ ድሮው ለቀመ፤
ከማክሰኞ ማታ እስከ ሐሙስ መስመሩ ባዶ ሆኖ ቆመ።
ያን ባዶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።
"እኛ ሠራተኞቹ እናውቀዋለን፤ አንባቢ ነው የማያየው፤
በቃልና በቃል መሃል ያለው ክፍት ቦታ
እሱም እርሳስ ነው። ይለቀማል። ይደረደራል በቦታ።
እሱ ከሌለ
ቃል በቃል ላይ ወጥቶ፣ ገጹ ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው" አለ።

መርፌው ሲገጠም አየሁት፤ ፈሳሹ እንደ ምንጭ ውሃ፣
ጥርት ያለ ንጹሕ።
"ቀለም ያላችሁት ይሄ ነው?" ብሎ ታዘበን። በሩ ተዘጋ።
ሲወጣ ፊቱ ቀልቷል፦ "ሙቀቱ ከጉሮሮዬ ወረደ፤
የሸናሁ መስሎኝ፣ ልጄ፣ ነፍሴ በሃፍረት ነደደ!"

ማታ የክፍያ ቅጼን ሞላሁ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ።
ከታች "ልዩ አስተያየት" የሚል አንድ መስመር አለ፤
ስለ ኪስ ልጽፍበት ብዕሬን አንስቼ ነበር።
ተውኩት።
ባዶም ፊደል ነው ስላለ።