እራፊ

ሽምብጥ ከሐይቁ ዳር፣ በቆርቆሮ ጥላ፣
ባሻ አስረስ ይፈታል የጠመንጃ ገላ።
የጣና የሌት ጉም ይበላል ብረቱን፤
አይምርም፣ ረስቶ ላደረ ቅባቱን።

ትናንት አንድ ጎረምሳ ክላሽ ይዞ መጣ፣
ከደልጊ በጀልባ፣ ፊቱ እንደገረጣ።
«ዓመት ተሰቅሎ ነው የኖረው ግድግዳ፤
ጥይት አልቀመሰም፣ ለተኩስ ነው ባዳ።»

በአፈሙዙ በኩል እራፊ ሰደደ፤
ነጭ የገባው ጨርቅ ነጭ ሆኖ ወረደ።

«ምንሽር ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ባመንሁ ነበር፤
በእጅ ነው የሚሳብ፣ ለጭሱ አንድ ነው በር።
ክላሽ ግን ሲተኩስ፣ ከገዛ እስትንፋሱ
ቆንጥሮ ያስቀራል፣ ዳግም ለመጉረሱ፤
ከበርሜሉ በላይ ካለች ቀጭን ቱቦ
ጥላሸት ይቀራል ደርቦ ደራርቦ።
ቆሽሾም አይከሽፍም፣ አያውቅም ወቀሳ፤
ለዚህ ነው ቱቦዋን ጌታው የሚረሳ።»

ቱቦዋን ነቀላት፤ ጠረጋት በጨርቁ።
ጥቁር።
ልጁ ዞሮ አየ ወደ ሐይቁ።

ባሻ ቃል አልወጣው፤ ቀባና ገጠመ።
ልጁ ብር ዘረጋ፤ እጁ ባየር ቆመ።
ጨርቁን ግን አልጣለም፤ ሣጥኑን ከፈተ፣
ከሌሎች ጥቁሮች ጋር አጥፎ ከተተ።