ቁጥር ሁለት መቶ ስድስት

ከለገሃር ጓዳ፣ ከደረሰኝ ክምር
አንድ መዝገብ ወጣ፣ ምስጥ በልቶት ነበር።
የመሐንዲሱ ውሻ በስሙ ሰፍሯል፣
ቀለቡም በሚዛን ተለክቶ ተጽፏል።
ከሆዴይዳ ባሕር ተሻግሮ የመጣው፣
ብረት እንደ ረመጥ ትከሻውን የላጠው
የአያቴ አባት ግን
ቁጥር ሁለት መቶ ስድስት ነው።

ካንድ ጠገራ ብር ይቀነስበታል
የጠጣው ውሃ፣
የሰበረው የመዶሻ እጀታ።
ከዚያ በቀይ ቀለም፦ «ተሰርዟል። ሙቀት።»
በማግስቱ ያው ቁጥር
ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ዛሬ ባቡር በማይመጣበት መስመር
ከከዚራ ተነስቼ
የሐዲዱን አግዳሚ እየቆጠርኩ ሄድኩ።
ሁለት መቶ ስድስተኛው ላይ ቆሜ
«ሙቅቢል!» ብዬ ተጣራሁ፣
ጎረቤት እንደሚጠራ፣ ጮክ ብዬ።

አንድ ባጃጅ ቆመ፦
«አቦ፣ ወዴት ነው?»