ክንድ ከስንዝር

አስራ ዘጠኝ ዓመት ቦርሳውን አዝዬ፣
ነፋሱን ስነግረው ሣር ነጭቼ ጥዬ፣
ዶርኖክ ላይ ዝናቡ በጎን እየመጣ፣
ጓንቱ እንዳይርስበት ከብብቴ ሳይወጣ፤
አንዴ ስልሳኛ ሆነን፣ አንዴ አርባ አንደኛ፣
ገንዘቡ ለነዳጅ፣ ለአልጋ፤ ምን ተርፎ ለእኛ።

አንድ እሑድ ብቻ ግን ከሰሌዳው አናት
ላክላን ተጽፎ ዋለ።
ክንድ ከስንዝር ቀረን፤ ጉድጓዷ ያቻት ናት።
«መሬቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል» አልኩት።
አመነኝ።
አላዘነበለም።

ለጋዜጠኞቹ «እጄ ነው» አላቸው።
እኔ ጫማዬን አየሁ።

ዛሬ ከጓሮው ነን። ያን ዱላ ተክሎታል፤
የአተር ሐረግ ደግሞ ተጠምጥሞበታል።
ሻዩን አስቀመጠና በጣቱ አሳየኝ፦
«ተመልከት፣ ወዳጄ፤
ወደ ቀኝ።»