አስራ አምስት አኃዝ

በኬሚ ከተማ፣ ባሕሩ ጋግሮ፣ በጥር፣
የበረዶ ጠራጊው ሾፌር
በካፖርቱ ጠቅልሎ አመጣውና፣ ከክሊኒኩ በር
«ውሻ ነው» ብሎ ሄደ፤ ሌላ ቃል ሳይጨምር።

ኢርያ አየችው፤ አርጅቷል፣ አፉ ዙሪያ ነጥቷል፤
በጣቶቹ መሃል በረዶ እንደ ብርጭቆ ተሰክቷል፤
አንገቱ ባዶ ነው። ጥፍሩ ግን በወጉ ተከርክሟል።

ማንበቢያውን አነሣች። በማጅራቱ አሳለፈች፤ ዝም።
በጀርባው መለሰችው፤ ዝም።
ቅንጣቷ ከቆዳ ስር ትሄዳለች አንዳንዴ፣ በገባችበት አትከርምም።
ወደ ግራ ትከሻው ወረደች፣ ቀስ ብላ፤
ጢው አለ። አስራ አምስት አኃዝ፣ ከጠጉሩ ጥላ።

ቁጥር ማለት ቋጠሮ ነው፤ አንድ ጫፉ ከሥጋ፣
ሌላ ጫፉ ከሰው እጅ። የሰውየውን ጫፍ ፍለጋ
ደወለች።

የታይስቶ ስልክ «አገልግሎት ላይ የለም» አለ፤ የለም።
ሁለተኛው ታምፔሬ ነው፣ ሴት ልጁ። ቶሎ አልመለሰችም።
«ሃሊ? ሃሊ የጠፋው አባቴ በሕይወት ሳለ ነው፣ ስድስት ዓመቱ።
እሱ እስኪሞት አልጠፋም የበረንዳው መብራቱ።
ስለ ሒሳቡ ስንነዘንዘው፣ ‹በጨለማ ቢመጣስ?
ቤቱን በምን ይለያል?› ነበር የሚለን፣ ሳይመለስ።»

ኢርያ ወደ ጠረጴዛው ዞራ «ሃሊ» አለች፣ ሦስቴ።
ጆሮውን እንኳ አላነሣም።

በሩ ተከፈተ። አሮጊት፤ በእጇ ባዶ ማሰሪያ፣
ጫማዋ ግራው ሌላ፣ ቀኙ ሌላ፣
ትንፋሿን ሳትሰበስብ «ኡኮ!» ስትል
ውሻው ሊወርድ ታገለ፤ ጭራው የጓንቱን ካርቶን እስኪጥል።

ሰይማ አልዋሸችም። «ከማገዶው ቤት ነው ያገኘሁት፣ በውርጭ ሌሊት።
ማንም አልጠየቀኝም። እኔም…» የቀረውን ዋጠችው፣ እንደ ትኩስ ምራቅ።

ማሽኑ ያስመዘገበውን ያውቃል፤
ስድስት ጥር ያስታመመውን ከየት ያውቃል?

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ከታምፔሬ፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ፣
«ጥፍሩን የምትከረክመው እሷ ናት?»
«እሷ ናት።»
«እንግዲያው…» አለች ልጅቱ። ቀጥሎ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ።
«ስሙን ግን አታጥፉት። አባባ ነው ያወጣለት።»

ኢርያ መዝገቡን ከፈተች። ባለቤት፤ ሰረዘች፣ ጻፈች።
ስልክ፤ ሰረዘች፣ ጻፈች።
አስራ አምስቱን አኃዝ አልነካችም፤ የሚነካም የለ።
ከስሙ መስመር ስትደርስ ጣቷ ቆመ፣ ዋለለ፤
«ሃሊ። ኡኮም ይባላል።»

ሰይማ ማሰሪያውን ልታስገባለት ጎንበስ ስትል
ጫማዋን ያየችው ያኔ ነው።