የአንድ ካፖርት ሁለት ሟች

ፒያሳ ካለው አዳራሽ፥ ከመጋረጃው ኋላ፥
ከአንዲት አምፖል በታች፥ ከስፌት መኪናዬ ጥላ፥
ሃያ ሁለት ዓመት የተዋናይ ልብስ ስጠቅም ኖሬ፥
ሁለት ሰው ስገንዝ አመሻለሁ፥ በመርፌ በክሬ።
ቅዳሜ አንዳርጌን ነው፥ እሑድ ደግሞ ባንቴን፤
ሁለቱም ለብሰው የሚሞቱት ያቺኑ ካፖርቴን።
ተዋናዩም አንድ ነው፥ ማንያህልሃል የሚሉት፤
በጀት የለም ብለውናል ለሌላ ሰው፥ ለሌላ ካፖርት።

አንዳርጌ ጨርቅ ነጋዴ ነው፥ ሱቁ አራዳ ገበያ፥
ቆሞ የሚያጫውት ሁሉን፥ ዳኛ ሳይል ባለ አህያ፤
«እንዴት ዋልክ አንዳርጌ!» የምትል አንዲት ቃል ለመስማት፥
የሩብ ሰዓቷን የቀሃ መንገድ የሚሄዳት ሁለት ሰዓት።
ዱቤ ሲጠይቁት እምቢ አይል፤ መልሱልኝም አይል፤
«ጨከነ» እንዳይሉት ፈርቶ፥ መዝገቡን ከትራሱ ሥር ሲጥል።
ይሉኝታ እንደ ምስጥ ነው፤ ከውጭ በሩ ደኅና፥
ከውስጥ ግን፥ ጣት ቢነካው፥ ዱቄት ነውና።

በሦስተኛው ገቢር፥ ሱቁ ሊታሸግ ሲቃረብ፥
«ሞተ» አሰኝቶ ጥሩምባ ያስነፋል፥ አልቃሹን ሊታዘብ።
ከግምጃው ጀርባ ተኝቶ ያዳምጣል፤ ደረት ይደቃል፤
አንዱ ግን ላጠገቡ ሰው «ዱቤያችንም አብሮ ይቀበራል» ይላል።
ሳቅ። ትንሽ ሳቅ ናት፥ ከዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል።
አንዳርጌ ከዚያ በኋላ መነሣት አላስፈለገውም።

ባንቴ ሌላ ነው። የግንበኛ ልጅ፥ ከቸቸላ፤
«ውደዱኝ» አይልም እሱ፤ «እዩኝ» ነው፥ ሌላ የለው ሌላ።
ወንድሙን ከውርስ መሬቱ፥ በአውራ ጣቱ ቀለም ነቅሎ፥
በአዘዞ መንገድ ፎቅ ይሠራል፥ አንዱን ባንዱ ላይ ቆልሎ።
አራተኛው ሲያልቅ በሬ ይጥላል፥ ሁለት መቶ ወንበር ይደረድራል፤
ከሰገነቱ ሆኖ የመኪና መብራት ይቆጥራል፥
እየመጣ፥ እየመጣ፥ ወደ ሌላ ቤት የሚታጠፍ።
የመጣው ዘበኛው ብቻ፤ እሱም፥ የሦስት ወር ደመወዙ እንዳያልፍ።
ባንቴ ባዶ ወንበሮቹን «ብሉ» ይላል፥ «ጠጡ» ይላል፥
ፎቁን ከሩቅ ሊያየው ፈልጎ ወደ ኋላው ይራመዳል፤
ሰገነቱ ገና አጥር አልተሠራለትም ነበር።

ሕዝቡ ለአንዳርጌ ያለቅሳል፥ ባንቴን «ይበለው» ይላል።
እኔ ግን ልብሱን የማውቅ፥ ፍርዱ እጄ ላይ ይከብዳል፤
ለባንቴ ትከሻው ላይ ጥጥ እወትፋለሁ፥ ግዙፍ እንዲመስል እሑድ፤
ቅዳሜ መልሼ እመዛለሁ፥ አንዳርጌ እንዲጎብጥ፥ እንዲወርድ።
ልዩነታቸው እንግዲህ፥ በኔ ሚዛን፥ አንድ እፍኝ ጥጥ፤
አንዱም አንዱም ራሱን በሰው ዓይን ሲለውጥ።

ግን አይደለም። ባንቴ ወንድሙን ነቅሏል፤ አንዳርጌ ማንን ነቀለ?
እላለሁ፤ ከዚያ ሚስቱ ትዝ ትለኛለች። አንዲት መስመር ናት ያላት፦ «ለልጆቹስ ምን አለ?»
ሰዉ ያኔ እየሳለ ነው። አይሰማትም።

ሲያበቃ ማንያህልሃል፥ ካፖርቱን ገና ሳያወልቅ፥
በመጋረጃው ቀዳዳ፥ የሄደ ሰው ሲጠብቅ፥
«ስንት ሰው ነበር?» ይለኛል። «ሙሉ ነበር» እለዋለሁ።
አርባ ሰባት ነበሩ። ቆጥሬአለሁ።

እኔማ ምን ቸገረኝ? ስሜ ፖስተር ላይ የለም።
ብቻ ከገበሩ ውስጥ፥ ልብ በሚመታበት በኩል፥ በቀይ ክር
«የሺመቤት» ብዬ ጠልፌአለሁ፥ አንድ ክረምት፥ በስውር።
ማንም አያየውም።
በሳምንት ሁለት ሌሊት ግን፥ ጭብጨባው ሲወርድ፥
በጨለማው ቆሜ፥ አብሬ እጅ እነሣለሁ።