የማይንቀሳቀስ ንብረት

ካስትሮ ከተማ ዳኛዋ መዝገቡን ገልጣ አነበበች፦
«መሬቱ የኤልሲራ ነው፣ ካያቷ ወርሳለች፤
ቤቱ የባውዲልዮ፣ በእጁ የሠራው፤
ለየባለቤቱ ይመለስ የየድርሻው።
ሕጋችን» ቀጠለች፣ «ቤትን ከነጓሮ
‹የማይንቀሳቀስ› ይላል ከድሮ ጀምሮ፤
በእናንተ ደሴት ግን ቤት ይሄዳል አሉ።»
ጠበቆቹ ሳቁ። ሁለቱ ዝም አሉ።

ይሄዳል፤ እውነት ነው። ቺሎዌ እንጨት ነው ቤታችን፤
ባሕር ሲገፋን፣ መሬት ሲሸሽ ከሥራችን፣
ደቦ እንጠራለን፤ ግንድ እናነጥፋለን፤
በበሬ ጎትተን አዲስ ቦታ እናደርሰዋለን፤
ማታውን በፖም ጠላ፣ በአኮርዲዮን እንሰክራለን።
ስንቱን ቤት ሸኝቻለሁ በሳቅ፣ በደስታ!
ይሄኛውን ግን… ባውዲልዮ በራፌን ሲመታ
ቆቡን በእጁ ይዞ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ፣
የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ሳይሆን የሩቅ ተበዳሪ
መስሎ፣ «በሬዎችህን» አለኝ። «ለሐሙስ።»
እንቢ ማለት ነበረብኝ። ኪሴን ስዳብስ
ትንባሆዬን አጣሁ። «እሺ» አልኩ።
ሐሙስ ጠዋት ዝናቡን ቀድሜ ደረስኩ።

ስምንት ጥማድ በሬ። ክላቬል ከሉሴሮ፣
የኔዎቹ፣ ከፊት። ሰንሰለቱ ታስሮ
ከወለሉ አግዳሚ። ማንም አልዘፈነ፤
ቀኑ እንደ እርጥብ ሱፍ ከላያችን ደመነ።
«ጎጆ ወጡ» ብለን ጨፍረን ነበረ፤
ዛሬ ጎጆው ራሱ ወጥቶ መንገድ ጀመረ።
«ቤታቸው ፈረሰ» ይላል ሰዉ ሁሉ፤
ሐሰት ነው። ሳንቃ ሳይነቀል፣ ከነሙሉ
ክብሩ ወጣ ቤቱ፤ ከነመጋረጃው፣
ከምድጃው ሳይወርድ፣ ከነማንቆርቆሪያው።

ሚሬያ ልጃቸው (እሷን በሳምንት በሳምንት ከፍለዋታል፣
አልወርድም ብላለች፣ ሰው ሁሉ ለምኗታል)
ከላይኛው መስኮት የእናቷን ዕቃ፣ ያገኘችውን በነፍስ፣
መቀስ፣ የሱፍ ድውር፣ ያንድ እግር ጫማ፣ ትራስ
ወረወረች ጭቃ ላይ፣ ቤቱ አጥሩ ጋ እስኪደርስ።

አጥሩ ጋ ሉሴሮ ቆመ። አልመታሁትም።
ባውዲልዮም አይቶ አልተቆጣኝም።
ኤልሲራ መጥታ ነው፣ አንገቱን ዳብሳ፣
«ሂድ በል» ያለችው፣ ድምጿ ሳይሳሳ።
ሄደ።
የድውሩን ጫፍ ግን መስኮቱ ነከሰና
ሲፈታ፣ ሲፈታ፣ ሲፈታ ቆየና
ከድንበሩ ማዶ ተበጠሰ፣ በቃ።
የተረፈውን ኪሷ ከተተች፣ ከነጭቃ።

ለእርሷ የቀረላት፦ ዐሥራ ሁለት ጉቶ፣
ቤት ሥር የኖረ ቢጫ ሣር፣ በድንገት ሰማይ አይቶ
የደነገጠ፤ ሦስት ደረጃ፣ ወዴትም የማያስወጣ፤
አንዲት ድመት፣ በሌለው በር ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ማን መጣ
ማን ከፈተ እያለች።
«ድንች ያወጣል» አለች ኤልሲራ፤ አፈሩን በጣቷ ቆነጠረች።

ለእርሱ የደረሰው፦ ከኮረብታው ማዶ፣ በወንድሙ ማሳ፣
ወደ ግራ ያዘመመ ቤት፣ ባሕሩን የረሳ
መስኮት ያለው፣ በሩ በተራራ ላይ ያፈጠጠ።
ደቦ የጠራ ያበላልና ሰርዲን ከፍቶ ሰጠ።
ቆመን በላን፤ ወንበሮቹ በፍርድ የእርሷ ናቸውና፤
ዝናብ ላይ ተደርድረዋል፣ እዚያ ማዶ፣ ስድስቱም፣ ገና።

በየደቦው ማታ ግጥም ገጣሚው እኔ ነኝ።
«ለዚህስ ቤት» አሉ፣ «ምን ቃል አለህ?» አሉኝ።
ሞከርኩ። አኮርዲዮኑ አልታመመ፣ ዜማው አልተሰበረ፤
የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይል ነበረ፦
«ኤልሲራ ከደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣»

ቤት የሚመታ ሁለተኛ መስመር አጣሁላት።